1,450 ዶላር ከፍዬ ያገኘሁት፦ ሬዚደንሲ ለሚጨርሱ ሐኪሞች የሚሰጠው የሥራና የውል ምክር

ዋጋውን አስቀድሜ ልናገር። 1,450 ዶላር ነው።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የምሠለጥን ሐኪም ነበርኩ። ታክሱና የጤና ኢንሹራንሱ ተቆርጦ በየሁለት ሳምንቱ እጄ ላይ የምትደርሰው 1,950 ዶላር ገደማ ናት። ከእሷ ላይ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ መዋያ አለ፣ አዲስ አበባ ለእናቴ የምልከው አለ። ስለዚህ የካርዴን ቁጥር ሳስገባ ቅር እያለኝ ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ «ለማንበብ ነው ይህን ያህል የሚከፈለው?» አለኝ። አዎ፣ ዋናው ነገር ማንበብ ነው። የሚያነብልህ ሰው ነው የሚገዛው።

አገልግሎቱ እዚህ አሜሪካ ሬዚደንሲና ፌሎሺፕ ለሚጨርሱ ሐኪሞች የተዘጋጀ ጥቅል ነው። ውስጡ ሦስት ነገር አለ። ማታ ማታ በዙም የሚሰጥ ስድስት ቀን ትምህርት፣ አንድ የሥራ ውል በጠበቃ ማስነበብ፣ እና ከሥራ አማካሪ ጋር ሁለት የግማሽ ግማሽ ሰዓት ስልክ። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች አሁን ብዙ ናቸው። የእኔን ስሙን አልጠራም። ጠበቃዋ ወርቅ የሆነች ሴት ናት፤ ሌላውን ስወቅስ እሷም አብራ እንድትወቀስ አልፈልግም።

ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ።

ሴፕቴምበር 2023 ላይ በመካከለኛው ምዕራብ ካለች ትንሽ ከተማ የሥራ ጥሪ መጣልኝ። የከተማዋንም ስም ልተወው፤ ሐኪም ቤቷ አንድ ብቻ ናት። ሥራው ሆስፒታሊስት ነው፣ ሆስፒታል የተኙ ታማሚዎችን ማየት፤ ሰባት ቀን መሥራት፣ ሰባት ቀን ማረፍ። ደሞዙ በዓመት 285,000 ዶላር፣ የፊርማ ቦነስ 30,000፣ የዕቃ ማጓጓዣ 5,000። አብሮት 22 ገጽ ውል ተያይዟል። ኢሜይሉን የከፈትኩት ዎርድ ውስጥ ነው። ቁጥሩን ሳይ ታማሚው ፊት እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ኢትዮጵያ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ የሦስት ዓመት ደሞዜን ብደምረው የዚህን የአንድ ወር አይሆንም።

ለእናቴ ደወልኩ። «ውሉን ለጠበቃ ላሳይ ነው» ስላት ደነገጠች። «ልጄ፣ እንጀራ ከሰጠሽ ሰው ጋር ደግሞ ክርክር ትገጥሚያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚኖሩ አንድ አንጋፋ ሐኪም ደወልኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህ አገር ለመጣ አበሻ ሐኪም ሁሉ እንደ አባት ናቸው። እሳቸውም «እኔ እኮ የመጀመሪያ ውሌን ሳላነበው ነው የፈረምኩት። ምን ሆንኩ? ዝም ብለሽ ፈርሚ» አሉኝ።

ሁለቱም በፍቅር ነው የተናገሩት። እኔም ልፈርም ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከእኛ ጋር ውቅያኖስ ይሻገራል። የታማሚ ልብ ትርታ ሲያቆም አልደነግጥም፤ «ይሄ ክፍያ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ግን ላብ በላብ ያደርገኛል። ሕክምና ስማር ስለ ጉበት አንድ ወር ሙሉ ተምሬያለሁ። ስለ ውል አንድ ሰዓት እንኳን የነገረኝ የለም።

በዚያ ላይ የቪዛው ነገር አለ። እኔ የመጣሁት ለሥልጠና በሚሰጠው ጄ-1 ቪዛ ነው። በጄ-1 ሬዚደንሲ የሠራ ሐኪም ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መቀመጥ አለበት። ያ እንዲቀርለት ከፈለገ የሐኪም እጥረት ባለበት አካባቢ ሦስት ዓመት ለመሥራት ይፈርማል። ዋናው መንገድ ኮንራድ 30 ይባላል። በ1994 የሰሜን ዳኮታው ሴናተር ኬንት ኮንራድ ባስጀመሩት ሕግ የመጣ ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በዓመት 20 ቦታ ነበር፤ በኋላ 30 ሆነ። ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት ኦክቶበር 1 ላይ ነው። ተወዳጅ የሆኑት ቶሎ ይሞላሉ። ማመልከቻው ደግሞ ያለ ተፈረመ ውል አይገባም። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ውሉ የመጣልኝ ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ በሩ የሚከፈተው ኦክቶበር 1። አሠሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ሐኪሟ ቸኩላለች፣ ሌላ አማራጭ የላትም፣ ትፈርማለች።

አብራኝ የምትሠራ ሕንዳዊት ሬዚደንት ናት ያዳነችኝ። «አንቺ ላብራቶሪ ሳታይ መድኃኒት ታዣለሽ?» አለችኝ። በዚያው ማታ ከፈልኩ።

ጠበቃዋ ውሉን በአራት ቀን መለሰችው። ከዘጠኝ ገጽ ማስታወሻ ጋር። ከዚያ አንድ ሰዓት በቪዲዮ ተነጋገርን። ለዚህ ክፍል ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ከዚህ በኋላ የምለው ወቀሳ ሁሉ ይህን አይነካም።

መጀመሪያ ያስከፈተችኝ ገጽ 11ን ነው። እኔ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤው ምንም አልታየኝም። የሙያ ስህተት ኢንሹራንስ በሐኪም ቤቱ ይሸፈናል ይላል። ደስ ብሎኝ ነበር ያለፍኩት። እሷ ግን «ክሌምስ-ሜድ» የምትለዋን ቃል አሰመረችበት። ይህ ዓይነቱ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ክሱ ኢንሹራንሱ በሥራ ላይ እያለ ከመጣ ብቻ ነው። ዛሬ ያከምከው ሰው አንተ ሥራ ከለቀቅክ ከዓመት በኋላ ቢከስህ ባዶ እጅህን ነህ። ያንን ክፍተት የሚሸፍን ሌላ ኢንሹራንስ ይገዛል። «ቴይል» ይሉታል፣ ጅራት ማለት ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ የዓመቱ ክፍያ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የእኔ ውል ስለ ጅራቱ አንድም ቃል አይልም። «ዝም ካለ፣ ከፋይዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው» አለችኝ። የዓመቱ ክፍያ 12,000 ዶላር ቢሆን፣ ስለቅ 24,000 ከኪሴ። በአንዲት ያልተጻፈች ዓረፍተ ነገር ምክንያት!

ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ «ኦከረንስ» ይባላል። እሱ ስህተቱ የተፈጠረበትን ቀን ነው የሚያየው። ከለቀቅክ በኋላም ይሸፍናል፣ ጅራት አይፈልግም። ውል እጃችሁ ከገባ ከደሞዙ ቀጥሎ መፈለግ ያለባችሁ ከእነዚህ ሁለት ቃላት የትኛው እንደተጻፈ ነው።

ከዚያ ወደ ፊርማ ቦነሱ ሄድን። እኔ 30,000 ዶላር ስጦታ መስሎኝ ነበር። እሷ «ብድር ነው» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በማንኛውም ምክንያት ብለቅ ሙሉውን በ30 ቀን ውስጥ እመልሳለሁ። በሦስተኛው ዓመት በአሥራ አንደኛው ወር ብለቅ እንኳን ሙሉውን። እጄ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ታክስ ተቆርጦ ወደ 20,000 ነው፤ የምመልሰው ግን 30,000። እሷ የጠየቀችው በየወሩ አንድ ሠላሳ ስድስተኛው እየተሰረዘ እንዲሄድ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ካልጠየቅክ ማንም አይሰጥህም።

ሦስተኛው የሥራ ሰዓቱ ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ «ሰባት ቀን ሥራ፣ ሰባት ቀን ዕረፍት» ነበር የተባልኩት። ውሉ ላይ ግን «ሐኪም ቤቱ በሚያወጣው ፕሮግራም መሠረት» ነው የሚለው። «የተባልሽው የት አለ?» አለችኝ። የለም። 26 ሳምንት በሰባት ሲባዛ 182 ሺፍት ነው። ቁጥሩ ይጻፍ፣ ከ182 በላይ ለሚሠራው እያንዳንዱ ሺፍት ዋጋ ይጻፍ አለች። እኔ ይህን ስሰማ ያሰብኩት አገር ቤት ዲዩቲ ሲወጣ የነበረውን ጭቅጭቅ ነው። ማን ስንት ዲዩቲ ወጣ፣ ማን ቀረበት፣ ማን ለማን ተካ። በቃል ከሆነ ጭቅጭቅ እንደሚሆን እኔ ከእሷ በላይ አውቅ ነበር። ግን ዶላር ሲሆን ረሳሁት።

ከዚያ ኖን-ኮምፒት የሚሉት አንቀጽ አለ። ከለቀቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት በ30 ማይል ዙሪያ እንዳልሠራ የሚከለክል። እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዋጋ የለውም። ሚኒሶታ ከጁላይ 2023 ወዲህ የሚፈረሙትን ከልክላለች። በ2024 የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በመላው አገሪቱ ሊያስቀረው ሞክሮ ነበር፤ ኦገስት ላይ የቴክሳስ ፍርድ ቤት ሻረው። ጠበቃዋ 30ው ወደ 15 ማይል እንዲወርድ ሐሳብ ጻፈች። ይቺን አንቀጽ አትርሷት፣ ወደ ታች እመለስባታለሁ።

ጠበቃዋ ለአሠሪው ራሷ አትጽፍም፤ የምትለውን ትሰጥሃለች፣ አንተ ትልካለህ። ይህ መጀመሪያ አናደደኝ። በኋላ ግን ገባኝ። አብሬያቸው የምሠራው እኔ ነኝ፤ ጠበቃ ከፊት ሲቆም ሰው ይደነግጣል። ረቂቁን በራሴ ቋንቋ አስተካከልኩት። ከዚያ «ላክ» የምትለዋን ቁልፍ ሳልነካ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ቡና አፈላሁ። ሦስተኛው ከደረሰ በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ላክሁት።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ሥራውን ሰርዘነዋል» የሚል ኢሜይል እየመጣ ይታየኛል።

በማግስቱ ከሰዓት መልስ መጣ። የሐኪም ቅጥር ክፍሏ ሴትዮ «ስለ ጥያቄዎችሽ እናመሰግናለን» ብላ ጀመረች። ጅራቱን ሐኪም ቤቱ ይከፍላል። ቦነሱ በየወሩ ይሰረዛል። 182ቱ ሺፍት ተጻፈ፤ ለተጨማሪው 1,600 ዶላር። ማጓጓዣው 10,000 ሆነ። ደሞዙ ግን አልተነቃነቀም፤ አንድ ዶላር እንኳን። ጠበቃዋም አስቀድማ ብላኝ ነበር፤ ሐኪም ቤቶች የሚከፍሉትን ከገበያው ዋጋ ጋር የሚያስተያዩበት ሠንጠረዥ አላቸው፣ ከሱ ብዙ መውጣት በሕግም ያስጠይቃቸዋል። ሌላው ግን ድርድር ነው። ያ ኢሜይል ጅራቱን ብቻ ቢያስከፍልልኝ እንኳን 1,450ውን ብዙ ጊዜ መልሷል።

አሁን ወደ ማታ ትምህርቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ዥጉርጉር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግሩም ነበር። አስተማሪዋ ራሷ የቤተሰብ ሐኪም ናት፤ ሐኪም ቤት ከሐኪም ሥራ ገንዘብ እንዴት እንደሚያገኝ አስረዳችን። እዚህ አገር የሐኪም ሥራ የሚለካው አር.ቪ.ዩ በሚባል መስፈሪያ ነው። የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ ሜዲኬር ከ1992 ጀምሮ የሚጠቀምበት ነው። ክሊኒክ ውስጥ የታየ ተመላላሽ ታማሚ 99213 በሚባለው የክፍያ ኮድ ከተመዘገበ የሐኪሙ ድርሻ 1.30 አር.ቪ.ዩ ነው። ከበድ ላለ ጉዳይ የሚጻፈው 99214 ከሆነ 1.92። ውልህ ላይ በአንድ አር.ቪ.ዩ 50 ዶላር ከተጻፈ ልዩነቱ በአንድ ሰው 31 ዶላር መሆኑ ነው። በቀን ሃያ ሰው አስቡ። ሦስት ዓመት ማስታወሻ ስጽፍ ኖሬ የምጽፈው ነገር ገንዘብ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ማጭበርበር አይደለም፤ የሠራኸውን በትክክል መጻፍ ነው። አስተማሪዋ አንድ ጥያቄም ሰጠችን። ደሞዝህ ለሁለት ዓመት የተረጋገጠ ከሆነና ከዚያ በኋላ በአር.ቪ.ዩ የሚሰላ ከሆነ፣ «እዚያ የሚሠሩት ሐኪሞች ባለፈው ዓመት ስንት አር.ቪ.ዩ ሠሩ?» ብለህ ጠይቅ። መልስ ካጣህ፣ መልሱ ያ ነው።

ሁለተኛው ቀን ስለ ተማሪ ብድር ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ! እዚህ የተማሩት ልጆች 200,000 እና 300,000 ዶላር ዕዳ ይዘው ነው የሚጨርሱት። ለእነሱ በእውነት የሚጠቅም ነው፤ መንግሥታዊ ወይም ለትርፍ ያልቆመ ሐኪም ቤት ሠርተው 120 ወር ከከፈሉ ቀሪው የሚሰረዝበት መንገድ አለ። እኛ አገር ቤት የተማርነው ግን ይህ ዕዳ የለብንም። ካሜራዬን አጥፍቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። የሚገርመው፣ ከተመዘገብነው ውስጥ ሲሶ ያህሉ በጄ-1 ያለን የውጭ ምሩቃን ነበርን። ሲመዘግቡን ቪዛችንን ጠይቀውናል። ግን ለዚያ የሚሆን አንድ ቀን እንኳን አልመደቡም። የበጀት ሠንጠረዥም ሰጥተውን ነበር። የውሻ ምግብ የሚል መስመር አለው፤ ለቤተሰብ የሚላክ የሚል የለውም። እኔ የውሻውን ሰርዤ የእናቴን ጻፍኩበት።

ሦስተኛው ቀን ታክስ። ደብሊው-2 እና 1099 የሚባሉትን የታክስ ቅጾች ልዩነት በደንብ አስረዱ። በደብሊው-2 ተቀጣሪ ነህ፤ የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን ግማሽ አሠሪው ይከፍልልሃል። በ1099 ራስህን የቀጠርክ ነህ፤ 15.3 ከመቶውን ከነሙሉው አንተ ትሸከማለህ፣ ጤና ኢንሹራንሱም በራስህ ነው። ስለዚህ በሰዓት ከፍ ያለ ቁጥር ስታይ አትደሰት፣ መጀመሪያ ቀንሰህ አስላ። አጭር፣ ግልጽ፣ ጥሩ።

አራተኛው ቀን ደግሞ ገበያ ሆነ።

የተጋበዘው ሰው የገንዘብ አማካሪ ነው ተባለ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች በደንብ አስተማረ። ስለ አካል ጉዳት ኢንሹራንስ ነበር፤ እጅህ ቢጎዳና በሙያህ መሥራት ባትችል፣ ሌላ ሥራ ብትሠራም የሚከፍልህን ዓይነት ምረጥ፤ ሬዚደንት እያለህ ብትገዛ ቅናሽ አለው። ይህ እውነት ነው፤ በኋላም ገዝቼዋለሁ። ከዚያ ግን ድምፁ ተለወጠ። ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የሕይወት ኢንሹራንስ፣ በውስጡ ቁጠባ ያለበት፣ በወር 900 ዶላር። ለሬዚደንት! የእኔን የወር ገቢ አንድ አራተኛ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሥዕል አለው፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አለው፣ «ለልጆቻችሁ» የሚል ቃል አለው። አንድ ልጅ በጽሑፍ «ከዚህ ኮሚሽን ታገኛለህ?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ለአፍታ ዝም አለና «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። መልሱን ግን አልሰማነውም። እንዲህ ያለውን ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ላይ ትልቁን ድርሻ በኮሚሽን ይወስዳል። በማግስቱ ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ ተደወለ። ቁጥሬን ማን ሰጠው? እኔ የምክር ዋጋ ከፍዬ ነው የገባሁት፤ ተሽጬ መውጣት አልነበረብኝም። ለድርጅቱ ቅሬታ ጻፍኩ። «ስለ አስተያየትሽ እናመሰግናለን» የሚል መጣ። በቃ።

አምስተኛው ቀን የራስን ክሊኒክ ስለ መክፈት ነው። በጄ-1 ላለ ሰው የሩቅ ህልም ነው፤ አለፍ አለፍ እያልኩ ሰማሁት። ስድስተኛውን አላየሁትም። ዲዩቲ ነበርኩ። ቅጂው ለ14 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፣ እኔ በ15ኛው ቀን ከፈትኩት። ለሬዚደንት የሚሸጥ ትምህርት በ14 ቀን የሚጠፋ ከሆነ፣ አዘጋጆቹ ሬዚደንት ምን እንደሚመስል ረስተዋል ማለት ነው።

የሥራ አማካሪው ደግሞ... ከአምስት ሁለት። ትሁት ሰው ነው። ሲቪዬን አስተካከለልኝ። ሪክሩተር፣ ማለትም ሐኪም የሚመለምለው ሰው፣ የሚከፈለው በአሠሪው እንጂ በእኔ እንዳልሆነ፣ ስለዚህ ለማን እንደሚሠራ እንዳልረሳ ነገረኝ። ያ ጥሩ ነው። ግን «ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠይቆኝ፣ «መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው» ስለው «ጎበዝ» ብሎ አለፈ። ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነበር። በጄ-1 እያለሁ ባለቤቴ በቤተሰብ ቪዛው በጄ-2 ነው፤ የሥራ ፈቃድ ያወጣል፣ ይሠራል። እኔ ወደ ሥራ ቪዛው ኤች-1ቢ ስዛወር እሱ ወደዚያኛው የቤተሰብ ቪዛ ወደ ኤች-4 ይዛወራል፤ የግሪን ካርዱ ጉዳይ እስኪራመድ ድረስ መሥራት አይችልም። ማለትም በ285,000 ላይ የእሱን ደሞዝ መቀነስ ነበረብኝ። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ሰውዬው ነው። በማያውቀው ገጠር ከተማ፣ በረዶ ውስጥ፣ ሥራ የሌለው አበሻ ወንድ። ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን የነገረኝ አማካሪው አይደለም፤ የሐኪም ቤቱ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ።

ያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሌላም ነገር አሳየኝ። ወርቅ ያልኳት ጠበቃዬ አንድ ቦታ ተሳስታለች። ነፃነት እንዲኖረኝ ብላ፣ ሁለታችንም ያለ ምክንያት በ90 ቀን ማስታወቂያ ውሉን ማቋረጥ እንድንችል የሚል አንቀጽ አስጨምራ ነበር። ለተራ ሥራ ጥሩ ምክር ነው። የእኔ ግን የኮንራድ ውል ነው፤ ሦስት ዓመት የታሰረ መሆን አለበት። እኔ ያመለከትኩበት ክፍለ ግዛት እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለበትን ውል አይቀበልም። ቢገባ ኖሮ ፋይሉ ይመለስ ነበር፣ ቦታው ደግሞ አይጠብቅም። ያቺን ጠበቃዬ ከ30 ወደ 15 ማይል ያወረደቻትን አንቀጽም የኢሚግሬሽን ጠበቃው ከነጭራሹ ሰረዛት። ብዙ ክፍለ ግዛቶች በዚህ ዓይነት ውል ውስጥ አይፈቅዷትም። ስለ 15 ማይል የተጻጻፍነው በከንቱ ነበር።

ለጠበቃዋ ይህን ጻፍኩላት። ወዲያው ደወለች፣ ይቅርታ ጠየቀች። የውል ጠበቃ እንጂ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንዳልሆነች፣ ይህን መጀመሪያ በግልጽ ልትነግረኝ ይገባ እንደነበር አመነች። ለዚህ ነው ነጥቧን ያልቀነስኩባት። ድርጅቱ ግን ገጹ ላይ «ለዓለም አቀፍ ሐኪሞች» ብሎ በትልቁ ጽፏል። ያንን መጻፍ ካወቀ፣ ሁለቱን ጠበቆች በአንድ ስልክ ማገናኘትም ማወቅ ነበረበት።

ሌላም ሳይነገረኝ የቀረ ወጪ አለ። ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለማዘዝ የሚያስፈልገው የዲ.ኢ.ኤ ምዝገባ ለሦስት ዓመት 888 ዶላር ነው። የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ፣ የቦርድ ፈተናው፣ ሁሉም ከሬዚደንት ደሞዝ ላይ፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይመጣል። አዲሱ ሐኪም ቤት እንዲከፍልልህ መጠየቅ ትችላለህ። እኔ ያወቅኩት ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ኋላ ሰው ሲጠይቃቸው ከፈሉለት፤ አንጀቴ አረረ።

እንግዲህ ይገዛ ወይ ለምትሉኝ፦ ሙሉ ጥቅሉን አልመክርም። ያው ድርጅት የውል ንባቡን ብቻ በ600 ዶላር ይሸጣል። እሱን ግዙ። የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ለብቻው ቢሸጡት እሱንም እገዛው ነበር። በጄ-1 ካላችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ያይላችሁ፤ አሠሪው የቀጠረው ለአሠሪው ነው የሚሠራው፣ የእኔ ደግ ሆኖ ነው። ውሉንም በኦገስት ለመያዝ ሞክሩ። እኔ በሴፕቴምበር ጀምሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለፍኩትን ጭንቀት ለጠላቴም አልመኝም። ባለቤቴ እስካሁን «ያቺ ሰሞን» ነው የሚላት።

ውሉ ተፈረመ፣ የሁለት ዓመቱን ግዴታ የሚያስቀረው ዋይቨር ወጣ፣ ሥራ የጀመርኩት በ2024 ክረምት ነው። እናቴ በስልክ «ተከራክረሽ ነው ወይስ ዝም ብለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተከራክሬ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ስንት ጨመሩልሽ?» አለች።

ለጋሼም ነገርኳቸው። ስለ ገጽ 11 ሳወራ መሀል ላይ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን ሲለቁ ያንን ጅራት ከኪሳቸው እንደከፈሉት ነገሩኝ። ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ ለባለቤታቸው እንኳን።

ባለፈው ወር ደወሉ። የእህታቸው ልጅ ዘንድሮ ሬዚደንሲ ይጨርሳል፤ ውል መጥቶለታል። «እስቲ አንቺ እይለት» አሉኝ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ስለ ኢንሹራንስ የሚያወራውን ገጽ አስቀድመው ይላኩልኝ አልኳቸው።

«ልኬልሻለሁ» አሉ። «በቀይ አስምሬበት።»